ካርቶኑ የት አለ?

ቴሌቪዥን ጠጋኝ ብዙ ነገር ማዳን ይችላል። ፓወር ሰፕላዩ አልሠራ ካለ ያበጠውን ካፓሲተር ነቅሎ ይቀይራል፤ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ከጨለመ ባክላይቱን ፈትቶ የተቃጠሉትን ኤልኢዲዎች ይተካል። ፓኔሉ ከተሰነጠቀ ግን እጁን ይሰበስባል። በሁለት ስስ መስታወቶች መካከል የታሸገው ፈሳሽ ክሪስታል በብየዳ የሚመለስ ነገር አይደለም፤ አዲስ ፓኔል ልግዛ ቢሉም ዋጋው ከቴሌቪዥኑ ብዙ አይርቅም። ደንበኛው ወሬውን «ቤት ስንቀይር ነው» ብሎ ከጀመረ፣ በሙያው የቆየ ጠጋኝ ቀጥሎ የሚጠይቀው ስለ ካርቶኑ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በኪራይ የሚኖር ቤተሰብ እቃውን አይሱዙ ላይ ሲጭን ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ፍራሽ ላይ ያጋድመዋል። እንዲህ የሚያደርገው ሳስቶለት ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ቴሌቪዥን ተጋድሞ ሲጓዝ የመስታወቱ ክብደት መሃሉን ይጫነዋል። መኪናው ኮብልስቶን ላይ በተንገጫገጨ ቁጥር መሃሉ ይለምጣል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይለምጣል። የተጫነው ወንበር ተንሸራቶ ቢደገፈው ደግሞ ብርድ ልብሱ ጭረት ይከላከል እንደሆነ እንጂ ግፊትን አያስቆምም።

የፋብሪካው እሽግ የተሠራው ይህን ሁሉ ታስቦ ነው። ነጩ ፎም ቴሌቪዥኑን የሚይዘው በጠርዙና በማዕዘኖቹ ነው፤ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ባዶ ቦታ ይተዋል። ካርቶኑ ላይ የታተሙት ወደ ላይ የሚያመለክቱ ሁለት ቀስቶች እቃው ቆሞ ይጓዝ ማለት ናቸው፤ የብርጭቆው ምስል ተሰባሪነቱን፣ ጃንጥላው እርጥበት እንደማይስማማው ይናገራሉ። ፎሙ 98 በመቶ ያህሉ አየር ነው። እቃው ሲወድቅ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶቹ ይጨፈለቁና ወደ መስታወቱ ሊያልፍ የነበረውን ምት ይውጡታል። የካርቶኑ ግድግዳም ቢሆን ተራ ወረቀት አይደለም። በሁለት ሉሆች መካከል የተጣበቀው ሞገድ መሰል ወረቀት ከላይ ወደ ታች ስለሚቆም የተደራረበ ጭነት ይሸከማል። አሜሪካዊው አልበርት ጆንስ በ1871 እ.ኤ.አ. ለሞገድ መሰሉ ወረቀት የፈጠራ መብት ሲያወጣ ያሰበው ጠርሙስና የፋኖስ መስታወት እንዳይሰበር ነበር። ዛሬም ሥራው ያው ነው፤ የሚጠብቀው መስታወት ብቻ ሰፋ።

ኤሌክትሮኒክስና እሽጉ አብረው ነው ያደጉት። በ1957 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርሲ ውስጥ አልፍሬድ ፊልዲንግና ማርክ ሻቫን የአየር ጉብጉብ ያለውን ፕላስቲክ የሠሩት ለግድግዳ ማስዋቢያ ነበር፤ በማስዋቢያነት ግን ፈላጊ አላገኘም። ተፈላጊነቱ የታወቀው አይቢኤም 1401 የተባለውን ኮምፒውተሩን በዚሁ ጠቅልሎ ለደንበኞቹ መላክ ሲጀምር ነው።

እንግዲያው ሁሉም ካርቶን ይቀመጥ? አይደለም። ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ካርቶን የኮንዶሚኒየም ክፍልን ያጣብባል፣ የብሌንደርና የውሃ ማፍያ ካርቶን ቁም ሳጥን ላይ መከመሩም ለማንም አይጠቅም። ካርቶን እርጥበት ይስባል፣ በረሮ ይራባበታል። መለያው እቃው ወደፊት ይጓዛል ወይ፣ ቢጓዝስ ምኑ ይሰበራል የሚለው ነው። ቴሌቪዥን፣ ሞኒተር፣ ፕሪንተርና ከባድ አምፕሊፋየር እሽጋቸው ቢቀመጥ ይክሳል። ቦታ ከጠበበ ካርቶኑ ታጥፎ አልጋ ስር ይግባ፤ ካርቶኑ ጨርሶ ቢጠፋ እንኳ ፎሙ ይቀመጥ። ሌላ ካርቶን ከሱቅ ይለመናል፤ ለዚያ ሞዴል ጠርዝ ተለክቶ የተቀረጸ ፎም ግን ከየትም አይገኝም። ጠጋኞች ራሳቸው ቦርድ የሚመጣበትን፣ ስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚከላከለውን ብርማ ከረጢት አይጥሉም። በእጅ ጫፍ ላይ የምትሰማ የስታቲክ ብልጭታ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት አላት፤ ቺፕን ለማበላሸት ከዚያ እጅግ ያነሰው ይበቃል።

የስልክ ፓኬት ሌላ ጉዳይ ነው። ትንሽ ስለሆነ ቦታ አይወስድም፤ ጥቅሙም ከስልኩ መጓዝ ጋር አይገናኝም። ጎኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ባለ 15 አሃዙን የአይኤምኢአይ ቁጥር ይዟል፤ ሁለት ሲም ለሚወስድ ስልክ ሁለት ቁጥር ይኖራል። ስልኩ እጅ ላይ ሳለ *#06# ሲደወል ቁጥሩ ይወጣል። ከተሰረቀ በኋላ ግን በምን ይደወላል? ለፖሊስ ሲያመለክቱ ቁጥሩን የሚያስታውሰው ፓኬቱ ነው። ያገለገለ ስልክ የሚገዛም ሰው «ከነካርቶኑ ነው» በሚለው ብቻ መርካት የለበትም። ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር ከፓኬቱና ከደረሰኙ ጋር መግጠም አለበት። ባዶ ፓኬት ከሌላ ስልክ ጋር ማዛመድ ቀላል ነውና ካርቶን ብቻውን ባለቤትነትን አያረጋግጥም።

አንዳንዱ ደግሞ አንድ ቀን ያወጣል ብሎ ያስቀምጣል። በ2023 እ.ኤ.አ. ፋብሪካው እንዳሸገው የቆየ፣ 4 ጊጋባይት የሚይዝ የ2007 እ.ኤ.አ. አይፎን በአሜሪካ ጨረታ በ190,372.80 ዶላር ተሽጧል፤ በመጀመሪያ ሲሸጥ ዋጋው 499 ዶላር ነበር። ያ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለው ግን ስልኩ ተከፍቶ ስለማያውቅ ነው። የተከፈተና የተሠራበት ስልክ ፓኬቱ ዋጋውን ጥቂት ያሻሽል ይሆናል እንጂ ባለጸጋ አያደርግም።

የእቃው የዋስትና ጊዜ ሲያልቅ ትርፉን ካርቶን ቆራሌው ይወስደዋል፤ አሮጌ እቃ በሚታደስበት ምናለሽ ተራ ያሉ እጆች ለሌላ ሥራ ያውሉታል። ካርቶኑ ከመሰጠቱ በፊት ሴሪያል ቁጥር ያለበት ወረቀት ተቆርጦ ከደረሰኙ ጋር ይያያዝ። የአዲስ ቴሌቪዥን ካርቶን በር ላይ አይቁም፤ ለአላፊ አግዳሚው ቤት ውስጥ ምን እንደገባ ይነግራል። ፎሙን ለከሰል ማቀጣጠያ የሚጠቀሙ አሉ፤ ይህ ፈጽሞ መቅረት አለበት። ጥቁሩ ጭስ መርዛማ ነው፣ መጀመሪያ የሚገባውም ምድጃው አጠገብ በተቀመጡት ልጆች ሳንባ ውስጥ ነው።