የቤተ መጻሕፍት ዘመናዊነትና የአንባቢው ድርሻ

የአንድ ሕዝባዊ ቤተ መጻሕፍት ዋነኛ መመዘኛ አንባቢው የሚሻውን መጽሐፍ በለመደው አጻጻፍ ጠይቆ ማግኘት መቻሉ ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አራት ኪሎ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ከዚህ መመዘኛ ውጭ ሊሆን አይችልም።

በ19,000 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ያረፈው ይህ ተቋም 1.4 ሚሊዮን መጻሕፍት የመያዝና በአንድ ጊዜ ከ2,000 በላይ አንባቢዎችን የማስተናገድ አቅም እንዳለው በምረቃው ወቅት ተገልጿል። ጸጥታ የሰፈነበት የማጥኛ ሥፍራ ለሚቸግረው ወጣት ይህ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ይሁንና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሲነገር የሚጎላው የሕንፃው ግዝፈትና የመሣሪያው ዘመናዊነት ሲሆን፣ መሣሪያው የአንባቢውን ቋንቋ ምን ያህል ያውቃል የሚለው ጥያቄ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም።

በካርድ ካታሎግ ዘመን መሳቢያውን የሚያገላብጠው ሰው ነበር። «ሥነ ጽሑፍ» ተብሎ ቢጻፍም ሆነ «ስነ ፅሁፍ»፣ ልምድ ያለው ሠራተኛ ነገሩ አንድ መሆኑን አይስተውም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ሲካተት እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን መለያ ቁጥር አገኘ። ይህ ታላቅ እርምጃ መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን «ሠ» እና «ሰ»፣ «ጸ» እና «ፀ»፣ እንዲሁም «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ አንድ ድምፅ ሲሆኑ፣ ለኮምፒዩተሩ ፈጽሞ የማይዛመዱ ምልክቶች ናቸው። እነዚህን ሆሄያት እንደ አንድ ቆጥሮ እንዲፈልግ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ በስተቀር፣ መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሳለ «የለም» የሚል መልስ ይሰጣል። በዚህ ረገድ ተጎጂው በአጻጻፍ ልዩነት ያልሠለጠነው ተማሪ ነው፤ መልሱን አምኖ ባዶ እጁን ይመለሳልና።

የስምና የዘመን አጻጻፍም ሌላው ጥንቃቄ የሚሻ ነጥብ ነው። የምዕራባውያን የካታሎግ ልማድ የቤተሰብን ስም ያስቀድማል። በዚህ ልማድ መሠረት ሀዲስ ዓለማየሁ በአባታቸው ስም «ዓለማየሁ፣ ሀዲስ» ተብለው ይመዘገባሉ፤ ኢትዮጵያዊው አንባቢ ግን የሚፈልጋቸው «ሀዲስ» ብሎ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በአንዱ መዝገብ በዚሁ ዓመት፣ በሌላው በ1965 ወይም በ1966 እ.ኤ.አ. ቢሰፍር ደግሞ አንዱ እትም ሁለት ሊመስል ይችላል። ሥርዓቱን እንዳለ መቅዳት ከነአድራጎቱ ባዕድ ልማድን መቀበል ይሆናል።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ልምድ በአገር ውስጥ አልጠፋም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ትምህርት ከመስጠቱም በላይ፣ አዲሱ አንባቢ ወደ መሃይምነት እንዳይመለስ በየገጠሩ የንባብ ቤቶች እንዲቋቋሙ አድርጓል። የዘመቻው ጉድለቶች የቱንም ያህል ቢሆኑ፣ ማንበቢያው ወደ ሕዝቡ ቋንቋና መንደር መሄድ እንዳለበት የተያዘው አቋም ዛሬም አልተሻረም።

ስለዚህ ዲጂታል ካታሎግ በባለሙያ ክፍል ተዘግቶ የሚያልቅ ሥራ ሊሆን አይገባም። መምህራን ተማሪዎቻቸው የሚሳሳቱባቸውን አጻጻፎች፣ ደራስያን የስማቸውን ትክክለኛ አመዘጋገብ፣ አንባቢዎችም ፈልገው ያጡትን መጽሐፍ የሚያሳውቁበት መንገድ ሊከፈት ይገባል። ያልተገኙት ጥያቄዎች ዝርዝር በየጊዜው ቢጠናና ለእርምት ቢውል፣ ከማንኛውም አዲስ መሣሪያ ግዢ ያላነሰ ጥቅም ይሰጣል። አብርሆት ማለት ማብራት እንደመሆኑ መጠን፣ ብርሃኑ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያርፍ የሚገባው በመጽሐፉና በፈላጊው መካከል ባለው ጨለማ ላይ ነው።