ባዳው ሽማግሌ፦ ኦሊቨር ትዊስት በሦስት ፊልሞች

ኦሎምፒያ መንገድ ዳር ያለ ሊስትሮ ደንበኛውን «እግር ቀይር» አይለውም። በብሩሹ ሳጥኑን ኳ ያደርጋል፤ ሰውየውም ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል እግሩን ይለውጣል። ቻርልስ ዲክንስን ባነበብኩ ቁጥር ይህ ሳጥን ትዝ ይለኛል። ደራሲው በ1824 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አባቱ በዕዳ ሲታሰር፣ ገና በ12 ዓመቱ ለንደን የጫማ ቀለም ፋብሪካ ገብቶ ዕቃው ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ይውል ነበር። ሥራውን ያሳየው ልጅ ቦብ ፌጊን ይባላል። ዲክንስ በኋላ የዚህን ደግ ልጅ ስም ለሌቦች አለቃ ሰጠው፤ ውለታ እንዲህም ይከፈላል!

ይህ አለቃ የሚገኝበት፣ ከ1837 እስከ 1839 በመጽሔት በተከታታይ የወጣው «ኦሊቨር ትዊስት» የተባለ ልብ ወለድ የ1834ቱን የእንግሊዝ የድሆች ሕግ ይወጋል። መፍትሔው ግን ከሕግ አይመጣም፤ ኦሊቨር የጨዋ ልጅ ሆኖ ይገኛል። ደሙ ያድነዋል። ፊልሞቹን የምመዝነውም በዚህች ጥያቄ ነው፦ ልጁን የሚያነሣው ሽማግሌ፣ አቶ ብራውንሎው፣ ምኑ ነው?

ዴቪድ ሊን በ1948 አያቱ አደረገው። ፊልሙ በጥበብ ከሦስቱ ይበልጣል። ነፍሰ ጡሯ የኦሊቨር እናት በማዕበል ውስጥ ያለ አንድ ቃል ስትጓዝ፣ በድሆች መጠለያው የተራቡት ልጆች ሹማምንቱ ሲበሉ ቁልቁል ሲያዩ፣ ረሃብ ከሆድ ይልቅ በዓይን ይታያል። ችግሩ ሊን የዘር ሐረጉን ይበልጥ ማጥበቁ ነው። በካሮል ሪድ የ1968 ሙዚቃዊ ፊልም ደግሞ ኦሊቨር የብራውንሎው የእህት ወይም የወንድም ልጅ ልጅ ነው፤ ዜማው ደስ ያሰኛል፣ ድህነቱ ግን ታጥቦ ተተኩሷል።

ሮማን ፖላንስኪ በ2005 ዝምድናውን ከነጭራሹ ቆረጠው። የእሱ ብራውንሎው ባዳ ነው። ከክራኮው ጌቶ አምልጦ በማያውቃቸው ቤተሰቦች ዘንድ ተደብቆ የተረፈ ዳይሬክተር፣ ልጅ ለማዳን ደም እንደማያስፈልግ ከማንም መማር የለበትም። ፊልሙ በምስል ከሊን ያንሳል፤ በዚህች አንዲት ውሳኔ ግን ከልብ ወለዱም ይቀድማል።

ለእኛ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጉዲፈቻ አለን። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1980 ለመሳለም ግሸን ማርያም ሄደው የወሎን ረሃብ አዩ። ሲመለሱ ሁለት ሕፃናትን ይዘው መጡ፤ በዚሁ ሰበብ ትዳራቸውም ፈረሰ። ልጆቹ ዘመዶቻቸው አልነበሩም።

ፖላንስኪም ቢሆን እስከ ዳር አልሄደም። ብራውንሎው የሚያነሣው ያን አንደበተ ርቱዕና መልከ መልካም ልጅ ብቻ ነው። ከሌቦቹ ልጆች አንዱ የሆነው ጮሌው ዶጀር ግን በልብ ወለዱ በአንዲት የትምባሆ ማስቀመጫ ምክንያት ባሕር ማዶ ይጋዛል። እሱ የማን ልጅ እንደሆነ ከደራሲውም ከሦስቱ ዳይሬክተሮችም የጠየቀ የለም።