የመሬት ገበታና የስልክ ገበታ

ከመርሳ እስከ ወልድያ ባለው አገር ገበታ ለመጫወት የተጠረበ እንጨት የግድ አይደለም። ረድፍ ረድፍ ጉድጓድ መሬቱ ላይ ከተማሰና ጠጠር ከተለቀመ ሰሌዳው ተገኘ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ጠጠር በፊት ግን የሕጉ ክርክር አለ። በየጉድጓዱ ስንት ጠጠር ይግባ? በየት በኩል ይዙር? የሚበላውስ መቼ ነው? ተጫዋቾቹ ተከራክረው ይስማማሉ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበታ አጨዋወቶችን መዝግበዋል። ይህ ሁሉ ልዩነት የዚያ ክርክር ፍሬ መሆኑ አያጠራጥርም።

ዛሬ ገበታ ስልክ ውስጥ ገብቷል። በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» እና «ገበታ» የተሰኙ የስልክ ጨዋታዎችን ሠርቶ አቅርቧል፤ «ኩኩሉ» እ.ኤ.አ. በ2018 በአፕስአፍሪካ የፈጠራ ሽልማት ተሸላሚ ሆኗል። በባዕድ ከተማ ጎዳና ሲሮጥ ለኖረ ወጣት የራሱን አገር መልክ በመስታወቱ ላይ ማየት ቀላል ነገር አይደለም፤ ምስጋናው ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ሂስ ከምስጋና አልፎ መሄድ አለበት።

የአዲሱ ቴክኖሎጂ መወደሻ ቃል «መስተጋብር» ነው፤ ይኸውም ሰው ሲነካው መሣሪያው መልስ የሚሰጥ መሆኑ ነው። ለመሆኑ መልስ ሰጪው ማን ነው? «ኩኩሉ» የሚለው ስም ከዶሮ ጩኸት ባሻገር የልጆችን ድብብቆሽ ያስታውሳል። በድብብቆሽ ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ ይጣራል፤ የተደበቁት ገና አለመንጋቱን ይመልሱለታል፤ ነግቷል እስኪሉትም ዓይኑን አይገልጥም። ሰዓቱ ያለው በተፈላጊዎቹ እጅ ነው። በስልኩ ጨዋታ ግን ዶሮዋ ትሮጣለች፣ መሰናክሉ ይመጣል፣ ጣት ይፈጥናል፤ ንጋቱን የሚወስነው ፕሮግራሙ ነው። ሥዕሉ አገርኛ ሆኖ አጥንቱ ከውጭ የሩጫ ጨዋታዎች የተወረሰ ነው። («በቅርጹ ብሔራዊ» የሚለው የጥንት መፈክር እዚህ ተገልብጦ ይገኛል፤ ብሔራዊ የሆነው ልብሱ ብቻ ነውና።) የስልኩ ገበታም ቢሆን ሕጉን ጽፎ ጨርሶ ይመጣል። ተጫዋቹ ይታዘዛል እንጂ አይከራከርም።

ችግሩ በሙዚቃ ቀድሞ ታይቷል። አምባሰልና ባቲ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው፤ የቅኝት ስምም ናቸው። ማሲንቆ ድምፁ የሚቆምበት ምልክት በአንገቱ ላይ የለውም፤ ዜማው የሚገኘው በጣትና በጆሮ ስምምነት ነው። አዝማሪውም «ተቀበል» የሚለውን ሰው ግጥም ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል፤ ከዚህ የበለጠ መስተጋብር ከወዴት ይመጣል? ኪቦርዱ በአንጻሩ አንዱን ኦክታቭ በአሥራ ሁለት እኩል እርከን ከፍሎ፣ ምቱንም ፋብሪካ ላይ አሰናድቶ ነው የሚቀርበው። በየሠርጉ ምቱ አንዴ ከተለቀቀ ተቀበል ባዩን የሚሰማው የለም።

ጥፋቱን በመሣሪያው ማላከክ ግን ስንፍና ነው። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን በቀረጸው ካሴት ምቱን ለከበሮ መሣሪያ ትቶ፣ ከሲንተሳይዘሩ ጎን አኮርዲዮኑን አቁሞ፣ የቆየውን ዜማ በራሱ እስትንፋስ ተጫውቶታል። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ባዕዳን አድማጮች ጭምር ተቀብለውታል። መሣሪያው ያገለገለው ሰውየው የሚለው ነገር ስለ ነበረው ነው።

ለወልድያ ወጣት ይህ የቅንጦት ክርክር አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ በኔትወርክ የሚሠራ ጨዋታ ሁሉ ዝም ብሏል፤ ገበታ ግን መሬትና ጠጠር እንጂ ሌላ አልፈለገም። ልጁ መሬቱን መማስ፣ ሕጉንም መከራከር ከረሳ በእንዲህ ያለው ጊዜ በእጁ የሚቀረው ባዶ መስታወት ነው። የፕሮግራም ሠሪው ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል። የሀብሩ እረኛ የሚጫወትበትን ሕግ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪ ቁጭ ብሎ ሊጽፈው ይችላል፤ መንገዱ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። የስልኩ ገበታም ሲከፈት፣ ጠጠሩን ከመደርደሩ በፊት፣ በየጉድጓዱ ስንት እንዲገባና በየት በኩል እንዲዞር ሁለቱን ተጫዋቾች ይጠይቅ።