አፍንጫችንን ማን ጠየቀው?

የዛሬው ወጌ ስለ አንድ ጠርሙስ ነጭ ወይን ጠጅ ነው። «ድርቅ በሚመላለስበት ቦረና ወርደህ ያመጣህልን ወሬ ይሄ ነው?» የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ታገሡኝ። ወሬው የወይን ቢመስልም የአፍንጫ ነው።

ሜጋ የወሰደኝ የድሮ ተማሪዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር የሥነ ጽሑፍ ሂስ ተምሮብኛል። አሁን እዚያው ሜጋ መምህር ነው፤ የቦረና ልጅ አግብቶ፣ ወልዶ፣ አማቱን ይዞ ይኖራል። ከሞያሌ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቶት አውራ ጎዳናው ላይ የተቀመጠችው ይህቺ ከተማ የደረስኩት አመሻሽ ላይ ነበር። ገና አረፍ ከማለቴ ከመሶቡ ኋላ አንድ ጠርሙስ አወጣ።

«ጋሼ፣ ለእርስዎ ብዬ ከባቱ ነው የገዛሁት።»

አካሺያ፣ መካከለኛ ጣፋጭ ነጭ። አዲስ አበባ ላይ ከውጭ ከሚገቡት ጋር ሲነጻጸር ርካሽ የሚባል ነው። በመምህር ደመወዝ ግን ርካሽ ወይን የለም፤ ስለዚህ ነገሩን በአክብሮት ያዝኩት። መብራት አልነበረም። ልጁ ጠርሙሱን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ነፋስ ላይ አቆመው። ደግ አደረገ፤ ነጭ ወይን ሲሞቅ ስኳሩ ብቻ ነው የሚሰማው።

ሲቀርብልኝ ብርጭቆውን አዙሬ፣ አሽትቼ፣ የአስተማሪነቴ አመል ተነሣብኝ። «የአበባ ጠረን አለው፤ ትንሽ የሊቺ ቃናም...» ብዬ ጀመርኩ። ወዲያው አፈርኩ። ሊቺ የሚባለውን ፍሬ በዕድሜዬ ቀምሼው አላውቅም! ከመጽሐፍ ያነበብኩት ነው። ያልቀመስኩትን ፍሬ ስም እየጠራሁ ወይን ስተች፣ ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆቹን ያስተማርኳቸው ሂስም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ስለ ጠርሙሱ የማውቀውን ልናገር። ባቱ፣ የቀድሞዋ ዝዋይ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እዚያ ወይን መትከል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ ነው። ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባ በእርሻው ዙሪያ ቦይ እስከ መቆፈር ተደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የተባሉት የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ገበያ ወጡ። ከዚያ በፊት የእኛ ትውልድ የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ1943 የተመሠረተውን የአዋሽን ቤት ነበር፤ ጉደሩን ከኮካ ጋር ቀላቅለን፣ ነጩን ክሪስታል ደግሞ ለሠርግ አስቀምጠን።

ባቱ ላይ መጀመሪያ ከተተከሉት ዝርያዎች ነጩ ሻርዶኔ ነው። በዓለም ላይ ስሙ የገነነ፣ የትም የሚሸጥ ወይን ነው። ግን ፍሬው በራሱ ብዙም አይሸትም። የወይን ዐዋቂዎች መዓዛማ የሚሏቸው ሌሎች ናቸው፤ ሙስካት እና ዘመዶቹ። አርጀንቲናዎች ካፋያቴ በተባለ ሸለቆ፣ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ቶሮንቴስ የሚባል የሙስካት ልጅ ይተክላሉ። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ። ወይኑ ርካሽ ነው፤ መዓዛው ግን ብርጭቆው አፍ ላይ ሳይደርስ ይቀድማል። ይህን ሽታ ከሚሰጡት ነገሮች ዋናው ሊናሎል ይባላል። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ ድንብላል ውስጥ ሞልቶ ያለው እሱ ነው። ሚጥሚጣና በርበሬ ስታስፈጭ የኖረች እናት ታውቀዋለች ማለት ነው፤ ስሙን የነገራት የለም እንጂ።

ወደ ሜጋ ልመለስ። ጥግ ላይ ዝም ብለው የተቀመጡት የተማሪዬ አማት ብርጭቆዬን ጠየቁ። «አልጠጣም፣ ላሽትተው» ነው ያሉት። ረጅም ጊዜ አሸተቱት። ከዚያ በኦሮምኛ ሁለት ዐረፍተ ነገር ተናገሩ። ልጁ እየሣቀ ተረጎመልኝ።

«ፍሬው ጣፋጭ ነው፤ ጠረኑ ግን ቶሎ ሄደ ይላሉ። ዕቃው አልታጠነም ወይ? ነው የሚሉት።»

እኔ ግን አልሣቅኩም። የቦረና ሴት የወተት ዕቃዋን ሳታጥን ወተት አታስቀምጥም። የተመረጠ እንጨት አንድዳ፣ ፍሙን ዕቃው ውስጥ አዟዙራ፣ ጠርጋ ነው የምታልበው። ወተቱ ይቆያል፣ ጠረንም ያገኛል። የኛም እናቶች የእርጎውን ዕቃ በወይራ ሲያጥኑ ያደግን ነን። ፈረንሳዮችስ ምን ያደርጋሉ? የኦክ በርሜላቸውን ውስጡን በእሳት ይለበልባሉ! በተለይ እንደ ሻርዶኔ የራሱ ሽታ ያነሰውን ወይን እዚያ ውስጥ አስቀምጠው ጠረን ያበድሩታል፤ ዋጋውንም በዚያው ይሰቅሉታል። መዓዛማውን ወይን ግን በርሜል አያስነኩትም፤ አያስፈልገውማ።

እንግዲህ እኚህ ወይን ቀምሰው የማያውቁ እናት በአንድ ትንፋሽ የፈረንሳይ ባለሙያ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቁ፦ ፍሬው ራሱ ካልሸተተ ዕቃው ለምን አልሸተተም? እኔ ከነሊቺዬ ያልደረስኩበት ሂስ ነው።

ወይኑ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ንጹሕ ነው፣ ቀዝቀዝ ሲል ይጠጣል፤ በርበሬ ከበዛበት ወጥ ጋር ጣፋጭነቱ ያበርዳል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ጣፋጩ የመዓዛውን ቦታ ወስዷል። የሚጣፍጥ ነገር ከሰጠናቸው ይበቃቸዋል የተባልን ይመስላል። ቡና ቆልቶ ጢሱን ለእንግዳ የሚያዞር፣ ጠጅን በጌሾው ጠረን የሚመዝን፣ ወተት አሽትቶ እንጨቱን የሚለይ ሕዝብ ስለ አፍንጫው አልተጠየቀም። እኛም አልተናገርንም። የምንናገርበትን ቃል የተዋስነው ከሰው አገር ፍሬ ነዋ! ከፍታውም ፀሐዩም እያለ፣ ባቱ ላይ አንድ ማሳ ሙስካት ቢሞከር ምን ይጎዳል? ያኔ በርካሽ ዋጋ እውነተኛ መዓዛ ይኖረን ነበር።

ማታ ስንለያይ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የወተት ዕቃዎች አየሁ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲከሽፍ የቦረናን ከብት የፈጀው ድርቅ የእማማንም በረት አልማረም። አንዱን ዕቃ አውርደው ከፍተው ሰጡኝ። ባዶ ነው። አሸተትኩት።

ጢሱ አሁንም አለ።