ጠብ ሁሉ አንድ ጠብ አይደለም

እንግሊዝኛ ለጠብ ብዙ ስም አለው። ተርጓሚዎቻችን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም «ድብድብ» ወይም «ግጭት» በሚሉ ሁለት ቃላት ጠቅልለው ያልፉታል። አማርኛ ቃል ስላጠረው አይደለም። ጥፋቱ ቃል ከመምረጥ በፊት ጠቡን አለመመርመር ነው።

«ብሮውል» ጫጫታ የበዛበት፣ ሥርዓት የሌለው ጠብ ነው፤ አምባጓሮ ብንለው ያምርበታል። «ስከፍል» አጭር መጎሻሸምና መጓተት ነው፤ ግብግብ ይመጥነዋል። ከፈረንሳይኛ የመጣው «ሜሌ» በመሠረቱ መደባለቅ ማለት ሲሆን፣ ማን ማንን እንደመታ የማይለይበትን ትርምስ ያመለክታል። «ስከርሚሽ» ከዋናው ጦርነት ውጭ ጥቂት ወታደሮች የሚያደርጉት አነስተኛ የተኩስ ልውውጥ ወይም ውጊያ ነው። «ዱዌል» ደግሞ ሁለት ሰዎች ቀጠሮ ይዘው፣ ደንብ አበጅተው የሚገጥሙት ፍልሚያ ነው። እያንዳንዱ ቃል ስንት ሰው ነበረ፣ የት ነበረ፣ ደንብ ነበረው ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዟል።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን፣ ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱትን የሼክስፒርን የሮሜዎና የዡልዬት ታሪክ እናስታውስ። መክፈቻው አምባጓሮ ነው፤ ጠብ ያለሽ በዳቦ የሚሉ አሽከሮች አውራ ጣት በመንከስ ይጀምሩታል፤ ጌቶቹ ይገቡበታል፤ የከተማው ሰው ዱላ ይዞ ይወጣል። መስፍኑም ዳግመኛ ሰላም የሚያደፈርስ በሞት እንደሚቀጣ ያውጃል። ኋላ ቲባልት ለሮሜዎ የፍልሚያ ጥሪ በደብዳቤ ይልክለታል። ነገር ግን ያ ፍልሚያ በደንቡ አልተካሄደም፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ መርኩቲዮ ጣልቃ ይገባል፣ ሮሜዎ ሊገላግል ሲሞክር መርኩቲዮ ይወጋል፣ ሮሜዎም ቲባልትን ይገድላል። ከዚያ በኋላ መስፍኑ የሚጠይቀው ጠቡን ማን እንደጀመረው ነው። የቲባልት ወገን የሮሜዎን ደም ይሻል፤ ቤንቮሊዮ የሆነውን በቅደም ተከተል ይናገራል፤ ፍርዱም ከሞት ወደ ስደት ይለወጣል። እንግዲህ ሦስቱንም ጠቦች «ድብድብ» ብሎ የተረጎመ ሰው፣ የመስፍኑን ፍርድ ትርጉም አሳጣው ማለት ነው።

ከመድረክ ወደ ችሎት ስንወርድ ጉዳዩ ይበረታል። በኬንያ የወንጀል ሕግ «አፍሬይ» ማለት በአደባባይ በሚደረግ ጠብ መካፈል ነው፤ «አሶልት» ግን በሌላ ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃት ነው። በዚያ አገር ፍርድ ቤት የቆመ አማርኛ ተናጋሪ ሁለቱም «ድብደባ» ተብለው ቢተረጎሙለት፣ የተከሰሰበትን ነገር ሳያውቅ ያምናል ወይም ይክዳል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የአካል ጉዳት ሳያደርስ ለሚፈጸም የኃይል ድርጊት «የእጅ እልፊት» የሚል ስያሜ መያዙ፣ ቋንቋችን ለእንዲህ ያለው ጥንቃቄ ባዳ እንዳልሆነ ይመሰክራል።

እንዲያውም አማርኛ በአንድ በኩል ከእንግሊዝኛ ይልቃል። የእንግሊዝኛው ሀብት በስም ላይ ሲሆን፣ የእኛ ሀብት በግሥ ላይ ነው። «ደበደበው» ስንል መቺና ተመቺ አለ፤ «ተደባደቡ» ስንል ሁለቱም እጃቸውን አንሥተዋል። ድብደባና ድብድብ በድምፅ የተቀራረቡ ናቸው፤ በፍርድ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። እንግሊዝኛው «ፋይት» ይህን ልዩነት በራሱ አይነግረንም፤ ከዐውዱ ፈልገን ማግኘት አለብን። ስለዚህ አንድ ጋዜጠኛ በባሏ የተመታችን ሴት ዜና ሲተረጉም «ባልና ሚስት ተደባደቡ» ብሎ ቢጽፍ፣ ስሕተቱ የሰዋስው ብቻ አይሆንም። ያልሰነዘረችውን ቡጢ በእጇ ላይ አኑሮባታል፤ የመቺውንም ጥፋት ለሁለት ከፍሎታል።

ተርጓሚ መዝገበ ቃላቱን ከመግለጡ በፊት እንደ ሽማግሌ ይጠይቅ፦ ማን ጀመረ? ማን መታ? ማንስ ተመታ? ይህን ያወቀ እንደሆነ አምባጓሮም፣ ግብግብም፣ ፍልሚያም፣ ድብደባም በየቦታቸው ይመጡለታል። ይህን ሳያውቅ የጻፈ ግን፣ ባያስበውም፣ ከጠበኞቹ ለአንዱ አድልቷል።