ስም ያለው ድምፅ

በብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ተራ አባል ሹመት የለውም፤ በእጁ ያለችው ድምፁ ናት። ደወል ሲደወል 8 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በሩ ይቆለፋል። ደጋፊው በስተቀኝ፣ ተቃዋሚው በስተግራ ባለው መተላለፊያ በእግሩ ያልፋል። ቆጣሪዎች አንድ በአንድ ይቆጥሩታል፤ ስሙም ሀንሳርድ በተባለው የምክር ቤቱ መዝገብ ይወጣል። እጅ ካወጣ ሕዝብ መሀል እንደመደበቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 2003 «ለኢራቅ ጦርነት የሚያበቃ ምክንያት ገና አልቀረበም» የሚለው ማሻሻያ 396 ለ217 ሲወድቅ፣ 139 የሌበር ፓርቲ አባላት የራሳቸውን ጠቅላይ ሚኒስትር ተቃውመዋል። ጦርነቱን አላስቀሩም። መራጩ ግን እንደራሴው ያን ማታ በየትኛው በር እንዳለፈ ዛሬም አገላብጦ ያያል። ከምርጫ ሰሞን ንግግር ይልቅ እኔ ይህን የስም ዝርዝር አምናለሁ።