ወረራ የሌለው ክፍል ሁለት

ከአጎቴ ልጅ ጋር ቼዝ መጫወት ያቆምኩት ባለፈው ክረምት ነው። ተጣልተን አይደለም። ግምጃ ቤት ዝናቡ ከያዘ መውጣት ስለማይታሰብ ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ዘርግተን እንውል ነበር። እሱ ግን ስልኩ ላይ መክፈቻ መሸምደድ ጀመረ፤ ሲሲሊያን፣ ካሮ ካን፣ ምናምን። እስከ አስራ ሁለተኛው እርምጃ ሳያስብ ይጫወታል፣ እኔ እያሰብኩ እሸነፋለሁ። የምጫወተው ከእሱ ጋር ሳይሆን እሱ ካጠናው ሰው ጋር መሰለኝና ተውኩት።

ሰንጠረዥን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ሰንጠረዥ ሲባል ትዝ የሚለን ኤክሴል ነው፤ እኔ የምለው ግን ነገሥታቱና መኳንንቱ ይጫወቱት የነበረውን ጨዋታ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ታሪኩና ስለ ሕጉ ጽፏል። ከእሱ በፊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1814 መጽሐፉን ያሳተመው ሄንሪ ሶልትና የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን አይተው ጽፈዋል።

ሥሩ ሩቅ ነው። ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረቦች ሄዶ ሻጥራንጅ ተባለ፤ ስሙ እኛ ጋ ሰንጠረዥ ሆነ። አውሮፓም ያንኑ ጨዋታ ነው የወረሰችው። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግን እስፔን አካባቢ ሕጉን ከለሱት፤ ዛሬ ዓለም የሚጫወተው ያንን ነው። በፊልም ቋንቋ ቼዝ ክፍል ሁለት ነው። እኛ ጋ ክፍል አንድ መቶዎች ዓመታት ቀጠለ።

ክፍል ሁለቱ ምን ቀየረ? መጀመሪያ የንጉሡን ጎረቤት። በሰንጠረዥ ፈርዝ ይባላል፤ አማካሪ እንደማለት ነው። በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፣ በቃ። ክለሳው እሱን ንግሥት አደረገውና ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሰጠው። ፊል፣ ማለትም ዝሆኑ፣ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። ከ64ቱ ቤቶች ዕድሜ ልኩን ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው! ክለሳው ለእሱም ሙሉውን ሰያፍ ለቀቀለት። ወታደሩ፣ በድሮው ስሙ መደቅ፣ አውሮፓ ውስጥ ሲነሳ ሁለት ቤት የመራመድ መብት ያገኘው ከክለሳው ቀደም ብሎ ነበር።

ፈረስ አልተነካም። አዊ ውስጥ ላደገ ሰው ይሄ ደስ ይላል። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የፈረሰኞች ማኅበር ያለን፣ ጥር 23 ሲደርስ እንጅባራ በፈረስ የሚጥለቀለቅብን ሰዎች ነን። ጨዋታውን ሁሉ ገልብጠው ሲሠሩ የፈረሱን አካሄድ የሚያሻሽል አልተገኘም።

እውነቱን ለመናገር፣ መሀል ጨዋታው ላይ ክፍል ሁለት ይበልጣል። ከካርቶን ጠጠር ቆርጬ ብቻዬን ስሞክረው ፈርዝን ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ማድረስ ቡና አፍልቶ እንደመጠጣት ነው። ማስፈራሪያ የለም፣ አድፍጦ መምታት የለም ማለት ይቻላል። የንግሥቷ መምጣት ጨዋታውን አፈጠነው፤ አንድ ስህተት ወዲያው ያስከፍላል። አሮጌው ሁሉ ወርቅ ነው የሚል ሰው ሰንጠረዥን ተጫውቶ አያውቅም ማለት ነው።

ክፍል ሁለቱ የሌለው ግን መጀመሪያው ነው። በእኛ ሰንጠረዥ ጨዋታ የሚከፈተው በወረራ ነው። ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ በፈለጉት ፍጥነት፣ የፈለጉትን ያህል። አንዱ ፈረሱን ሲያወጣ ሌላው አይቶ አሰላለፉን ይቀይራል፤ ያኛው መልሶ ያፈርሳል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዲህ ነው። ከተበላ በኋላ ተራ ይጀመራል። በቃ፣ መክፈቻ የሚባል የሚሸመደድ ነገር የለም። ምኑን ትሸመድደዋለህ? ዓይንህ ሰውዬው እጅ ላይ ነው።

ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1996 ሽምደዳውን ለመግደል ብሎ የኋላ ጠጠሮችን በዕጣ የሚያሰልፍ፣ 960 ዓይነት አነሳስ ያለው ቼዝ አስተዋወቀ። ጎበዝ ሐሳብ ነው። ግን መድኃኒቱ የተጨመረው ክፍል ሁለት ላይ ነው፤ ክፍል አንድ፣ ቢያንስ የእኛው፣ በሽታውን አያውቀውም ነበር።

ሌላው አጨራረሱ ነው። በቼዝ ማት ማት ነው፤ በንግሥትም ግደል በምን፣ ነጥቡ እኩል ነው። በሰንጠረዥ ግን በፈረስ ወይም በደር፣ ማለትም ቼዞች ግንብ በሚሉት፣ መግደል ያን ያህል አያስመሰግንም። ክብሩ በደካሞቹ፣ በፊል፣ በፈርዝ፣ በመደቅ መጨረስ ላይ ነው። ማሸነፍና በደንብ ማሸነፍ ይለያያሉ። ሬቲንግ የሚባለው ቁጥር ይሄን አይቆጥርም። እኔ ራሴ ስልኬ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ብቻ ደስ የሚለኝ ሰው ሆኛለሁ፤ እንዴት እንዳሸነፍኩ ማታ ላይ አላስታውሰውም።

ተመልካቹም አለ። የድሮዎቹ ተጓዦች እንደጻፉት የሰንጠረዥ ዙሪያ ጫጫታ ነው፤ ቆሞ የሚያየው ሁሉ ይመክራል፣ ይጮኻል። የውድድር ቼዝ ዝምታ ነው፣ ጠጠር ከነካህም ታንቀሳቅሳለህ። ይሄኛው ፍትሐዊ ነው፣ አልክድም። ግን ገበጣ ሲጫወቱ ከጎን ቆሞ ያልመከረ ማን አለ?

ባለፈው ወር የአጎቴን ልጅ ወረራን እንሞክር አልኩት። የቼዝ ሰሌዳውን ይዘን ሕጉን ብቻ ቀየርን። መጀመሪያ የለመደውን ካሮ ካን ሊያሰልፍ ሞከረ። እሱ ሁለት ወታደር እስኪያወጣ እኔ ሁለቱንም ፈረሶቼን መሀል አድርሼ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሮ በሁለት እጁ ጀመረ፤ በሁለት እጅ አይቻልም አልኩት፣ የት ተጻፈ አለኝ። እህቱ ከምድጃው አጠገብ ተነስታ መጣችና ለእሱ መምከር ጀመረች። የእኔ ፈረስና የእሱ ወታደር አንድ ቤት ላይ ተገናኙ፣ ሁለታችንም በላሁ አልን። ማን እንደቀደመ እስካሁን አልተስማማንም።